ስህተት እንጂ አሻጥር አይደለም

በእኛ ሰፈር ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያው ሳይሆን ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነበር። ቀበሌው «መክፈል የማይችል ነዋሪያችን ነው» ብሎ ከጻፈለትና ማኅተም ከመታለት በመንግሥት ወጪ ይታከማል፤ ካልጻፈለት ከኪሱ ይከፍላል። ወረቀቷን ሁላችንም «የነፃ ሕክምና» እንላት ነበር። ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም በታች ካሉት ጠባብ መንደሮች ጀምሮ እስከ አስኮ መንገድ ድረስ በዚህች ወረቀት የማያማ አልነበረም። የሚያሙት ደግሞ ያልተሰጣቸው ብቻ አልነበሩም። የተሰጣቸውም ጎረቤታችን ሳይገባው ተሰጠው እያሉ ያሙ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ። ያ አስፈሪው ጊዜ አልፎ ሰው መሳቅ ጀምሯል፤ ግን አሁንም ቃል መርጦ ነው የሚናገረው። ሐሜቱ እየገፋ ሄዶ ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ደረሰና አንድ ቀን ትእዛዝ መጣ። በነፃ የታከሙት ሰዎች ይጣሩ፣ በአሰጣጡ ላይ የተገኘውም ስህተት በነዋሪው ጉባኤ ፊት በይፋ ይነበብ የሚል ነበር።

እንድናጣራ የተመረጥነው ሁለት ነን። አንዷ እኔ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ የሴቶች ማኅበሩን ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። ጽሕፈቴ ይነበባል፣ ድምፄ ያለ ድምፅ ማጉያ አዳራሽ ይሞላል፣ ሰው ፊት መቆምም አያስፈራኝም። የቀበሌው ሊቀመንበር የመረጠኝ ከእሱ ንግግር በኋላ ውጤቱን ጥርት አድርጋ የምታነብለት ልጅ ፈልጎ ነው። ለዚያ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው በሰፈሩ እንዳልነበረ ያኔም አውቅ ነበር፣ ዛሬም አልክድም።

ሁለተኛው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው። ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪሙ በማይመጣበት ቀን ደግሞ ሁሉንም የሚሠራ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ጴንጤ መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል። የአምልኮ ቤታቸው በተዘጋበት በዚያ ጊዜ ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር እየተጠራሩ በየቤቱ ይጸልዩ ነበር፤ ይህንንም ሰፈሩ ያውቃል። ነገር ግን እጁ ቀላል ነው። ልጇን ከእሱ በቀር ለሌላ የምታስወጋ እናት ስላልነበረች ማንም ሊነካው አልፈለገም።

ስሞቹን ከጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ገለበጥንና ቤት ለቤት መዞር ጀመርን። ክረምቱ አልወጣም ነበርና የቀራንዮ ጭቃ ጫማ ያስቀራል። እኔ ፕላስቲክ ጫማ አድርጌ ከፊት እቀድማለሁ፣ እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ ይከተለኛል። ሰዎቹ መጀመሪያ ላይ በር ሲከፍቱልን ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር። እሱን ሲያዩ ግን ይረጋጉና የቁስላቸውን፣ የልጃቸውን ሳል ይነግሩታል። ከጥያቄያችን በፊት ግማሽ ሰዓት የሕክምና ምክር መስጠት ግድ ሆነብን።

ያገኘነው የጠበቅነውን አልነበረም። ሌባ እናገኛለን ብዬ ነበር የወጣሁት። በመዝገቡ ላይ እንከን ካለባቸው ወረቀቶች አብዛኞቹ ግን ጉድለታቸው ማኅተም ማጣት ወይም የአባት ስም መዛነፍ ብቻ ሆነ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ከከተማ ለስልጠና በወጣ ጊዜ የቀበሌው ጸሐፊ በፊርማው ብቻ የሰጣቸው ናቸው። የሰዎቹ ቤት ስንደርስ ድህነታቸው በር ላይ ቆሞ ይቀበለናል። አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት ቤት ደርሰን ስንወጣ ድሬሰሩ ደጃፉ ላይ ቆም አለና፣

«እኚህ ሰው አላጠፉም፤ ወረቀታቸው ነው ያጠፋው» አለኝ።

ይህ ቃል ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ለየብቻ መጻፍ ያዝኩ፤ ሰው ያጠፋውን በአንድ በኩል፣ ወረቀት ያጠፋውን በሌላ በኩል።

ሦስተኛውን ዓይነት ስህተት ግን ማንም ፈልጉ አላለንም። ያገኘነው በአጋጣሚ ነው። መንገድ ጠፍቶን አንድ ግቢ ጎራ ስንል ገበያ ዳር ጌሾ የሚሸጡ ሴት እንጨት ላይ በተወጠረ ላስቲክ ሥር ወጥ ይሠራሉ። ማድቤቱ ግድግዳ አለው፣ ጣሪያ የለውም። ዝናቡ ላስቲኩ ላይ ይጠራቀምና ሲከብደው በዱላ ከታች እየገፉ ወደ ውጭ ያፈሱታል። ድሬሰሩ አወቃቸው። የባላቸውን እግር የሚያጥበው እሱ ነው።

ጣሪያው ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሸጬው ነው አሉኝ። ባላቸው እግሩ ታሞ ከአልጋ የዋለ ጊዜ ለነፃ ሕክምና ቀበሌ ሄደው ጸሐፊው ስማቸውን ከስብሰባ መቆጣጠሪያው ላይ አይቶ «እርስዎ ስብሰባ አይመጡም፤ ላልተሳተፈ አንጽፍም» ብሎ መለሳቸው። ከስብሰባ የቀሩት ደግሞ በሽተኛውን የሚያገላብጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ከዚያ የማድቤቱን ቆርቆሮ አስነቅለው ሸጡና አሳከሙት። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፣ አላማረሩም።

«እግር ይቀድማል ብዬ ነው» አሉኝ ወጡን እያማሰሉ። «ማድቤት በኋላም ይደርሳል።»

ለምን አቤት እንዳላሉ ስጠይቃቸው ቀና ብለው አዩኝ። ለማን ነበር አቤት የምለው ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ። ስማቸውን ጉባኤ ላይ ባነብ ይከፋቸው እንደሆን ጠየቅኋቸው፤ ጥቂት አሰቡና እውነቱን ብቻ ከሆነ አንብቢው አሉኝ። ከግቢው እንደወጣን ድሬሰሩ መክፈል የማይገባቸው ሆነው የከፈሉ ሌሎች ሰዎችም እንዳሉ ነገረኝ። የአንዳንዶቹን ቤት ያውቀዋል። ትእዛዙ ላይ ባይኖርም እነሱም ጋ ሄድን። ያለአግባብ መስጠት ስህተት ከሆነ ያለአግባብ መከልከልም ስህተት ነው። ለእኔ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ከዚያ የአጎቴ ቤት ተራ ደረሰ። የአጎቴ ቤት ማለት የእኔም ቤት ነው። ከጎጃም ገና በሕፃንነቴ አስመጥተው ያሳደጉኝና ያስተማሩኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ሳንሱሲ አካባቢ የሚያከራዩዋቸው ሦስት ቤቶች ነበሯቸው፤ የትርፍ ቤት አዋጁ ሲመጣ ሦስቱም ተወረሱ። ያን ጊዜ ቀበሌው «ገቢ የሌላቸው» ብሎ መዘገባቸው፣ እንደዚያም ሆኖ ቀረ። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። ከቡራዩ በኩል በአህያ የሚመጣ የባሕር ዛፍ አጣና አስኮ ላይ እየተቀበሉ ለግንበኛ መሸጥ ጀመሩና ደህና ነገዱ። ከማጣራቱ በፊት በነበረው ዓመት ከጤና ጣቢያው ተልከው በትልቅ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው በነፃ ነበር።

ጥያቄውን ድሬሰሩ እንዲጠይቅ፣ እኔ እንድጽፍ ተስማማን። አጎቴ የሚጠየቁትን ሁሉ ሳይደብቁ መለሱ፤ አጣናውን፣ የሚያገኙትን፣ ቀዶ ሕክምናውን። ድሬሰሩ አመስግኖ ሲወጣ እኔ ወደኋላ ቀረሁ።

«ታነቢዋለሽ?» አሉኝ።

«አነበዋለሁ ጋሼ።»

«ስሜን ጠርተሽ?»

«ስምዎን ጠርቼ።»

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ሦስት ቤት ወስዶብኝ አንድ አልጋ ላይ ቢያስተኛኝ ባለዕዳው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ መንግሥት?»

ይህን ጥያቄ በልባቸው ሲያመላልሱት እንደኖሩ ከድምፃቸው ያስታውቃል። ትክክል ያልሆነ ነገር አልተናገሩም። እኔ ግን ጣሪያ የሌለው ማድቤት ከዓይኔ አልጠፋም ነበር።

«ቤትዎን ጌሾ ሻጯ አልወሰዱብዎትም ጋሼ» አልኳቸው። የሴትዮዋንም ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ተነሥተው ወጡ። ባለቤታቸው ማታ እራት ላይ ነገሩን በዝምታ ባልፈው ምን እንደሚቀርብኝ ጠየቀችኝ። የቤቴን ስም ከዘለልኩ የሌላውን ስም የምጠራበት አፍ አይኖረኝም አልኳት። ክፉ ልጅ ሆኜ እንዳልሆነ ገብቷታል፤ ቢሆንም ፊቷን አዙራ ሰሃኑን አነሣች።

የጻፍነውን ይዘን ሊቀመንበሩ ዘንድ ቀረብን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይ ለሚያዩት ትልቅ ሥራ ማሳየት የሚወድ ሰው ነበር። ሦስቱን ክፍል ተመለከተና የወረቀቱንም የሰውንም ስህተት አንድ ላይ እንድደምር፣ ርእሱንም «የጤና አሻጥረኞች» እንድለው ነገረኝ። የሰዎቹ ሕመም አብሮ ቢነበብ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይታመናል አለ።

ያን ዘመን ላልኖረ ሰው «አሻጥር» የሚለው ቃል ክብደቱ ላይገባው ይችላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ሲታሰር ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ማኅተም የሌለው ወረቀት የያዙት ያ ዓይነ ስውር አዛውንት፣ አጎቴ፣ ፊርማ የፈረመው ጸሐፊ ሁሉም በአንድ ቃል ሊገቡ ነው።

መጀመሪያ የተናገረው ድሬሰሩ ነው። «ሕመም አይነበብም» አለ። «የሰው ሕመም የራሱ ነው።»

ሊቀመንበሩ አንተ ብዙ ባትናገር ይሻልሃል አለው። ምን ማለቱ እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። ድሬሰሩ ዓይኑን ሳይሰብር ቆመ፣ ግን አልጨመረም። ተራው የእኔ እንደሆነ አወቅኩ። ትእዛዙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አነሣሁትና ቃሉን በጣቴ አሳየሁት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከላይ የመጣው ትእዛዝ የሚለው ስህተት ነው። እኛ አሻጥር ካልን ትእዛዙን አረምን ማለት ነው።»

ወረቀቱን ተቀብሎ ደጋግሞ አነበበው። የበላዮቹን ቃል ማረም የሚፈልግ ሊቀመንበር በዚያ ዘመን አልነበረም። ስህተት ይባል አለ። ስለ ሕመሙም፣ ትእዛዙ ሕመም አንብቡ ስላላለ፣ ይቅር አለ። ከፍለው የታከሙትን ግን እንድተዋቸው አዘዘኝ፤ ከከፈሉ መንግሥት ምን ጎደለበት ነው ነገሩ። በልቤ ግን እንደማልተወው ወስኛለሁ። ውጭ ስንወጣ ድሬሰሩ ሁሉንም አንቺ አንብቢው፣ እኔ ከተናገርኩ ነገሩን ትተው እኔን ይመረምራሉ አለኝ። እውነቱን ነው። እኔን የሚመረምሩበት ነገር አልነበራቸውም፤ ይህን ጥቅሜን ለምን ሥራ ላይ እንደማላውለው አልታየኝም።

ጉባኤው እሑድ ጠዋት ነበር። መቅረት ስለማይቻል አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከቅዳሴ የመጡት ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ከከፍተኛው የመጣ አንድ ተወካይ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ካኪ የለበሰ፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው። ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ እኔ ተነሣሁ።

ከወረቀት ስህተት ጀመርኩ። እነዚህ ሰዎች ነፃ ሕክምና የሚገባቸው ናቸው፣ ጥፋቱ የማኅተምና የጽሕፈት ነው፣ ወረቀታቸው ይታረምላቸዋል ብዬ አነበብኩ። አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ ሲለቀቅ ይሰማል። ስማችን ሲጠራ ልንታሰር ነው ብለው የመጡ ነበሩ፤ ከመሃላቸው አንዷ ወዲያው መቀመጫዋ ላይ ተመቻችታ ልጇን ማጥባት ጀመረች።

ቀጥሎ መክፈል እየቻሉ በነፃ የታከሙትን አልኩ። ጥቂቶች ናቸው። መጀመሪያ የጠራሁት የአጎቴን ስም ነበር። ድምፄ እዚያ ላይ ትንሽ ወረደ፤ የልጅነት ልብሴን የገዙልኝ፣ ትምህርት ቤት እጄን ይዘው ያስገቡኝ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ እኔን፣ ከዚያ እሳቸውን አየ። ምን ታመው እንደነበር አልተናገርኩም፤ ዛሬም እዚህ አልጽፈውም።

አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እውነት ነው» አሉ። «መክፈል እችል ነበር። የጠየቀኝ አልነበረምና ዝም አልኩ። አሁን ተጠየቅሁ፤ እከፍላለሁ።»

የተወረሱትን ቤቶች አላነሡም። ቢያነሡ ምን እንደሚከተል ያውቁ ነበር፤ ደግሞ ያን ቀን በራሳቸው ጉዳይ ሌላ ሰው እንዲጎዳ አልፈለጉም ብዬ አምናለሁ። ከእሳቸው በኋላ ስማቸው የተጠራው ሁሉ እየተነሡ ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ። ትልቅ ሰው መንገዱን ከከፈተው ሌላው አይቸገርም።

ከዚያ ሳልቀመጥ ሦስተኛውን ጀመርኩ፤ በነፃ መታከም ሲገባቸው የከፈሉትን። ሊቀመንበሩ ይበቃል አለኝ። ተወካዩ ፊቱን ሳያዞር እጁን ከፍ አደረገና ትቀጥል አለ። ቀጠልኩ። የጌሾ ሻጯን ስም ስጠራ ተነሡ። እኔ ካነበብኩት አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም፤ አዎ እኔ ነኝ፣ እንዲህ ነው የሆነው ብለው ተቀመጡ። ሰዎቹ የሚያውቋቸው በጌሾው ነበር፤ ማድቤታቸው ጣሪያ እንደሌለው የሚያውቅ ከጎረቤት ውጭ አልነበረም።

ተወካዩ ወደ እኔ ዞረ። በጠቅላላው ሲታይ የሚበዛው የቱ ስህተት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«የሚበዛው የወረቀት ነው» አልኩት። «ቀጥሎ ያላግባብ የተከለከሉት ናቸው። ያላግባብ የተቀበሉት ከሁሉም ያንሳሉ።»

አሻጥር አለበት ወይ አለኝ። እኔ ያየሁት ስህተት ነው፣ አሻጥር አላየሁም አልኩት። ጥቂት አሰበና ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያም ለሊቀመንበሩ ከእንግዲህ ሦስቱም ዓይነት እየተጣራ በየወሩ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ለበሽተኛ ወረቀት ለመስጠት የስብሰባ መቆጣጠሪያ እንዳይታይ ነገረው። ሊቀመንበሩ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የእሱ እንደነበር ሆኖ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ጌሾ ሻጯ የከፈሉትን ጤና ጣቢያው ሊመልስላቸው አልቻለም፤ አንዴ ለመንግሥት የገባ አይወጣም ተባሉ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው፣ አልሆነም። ቀበሌው ከፈረሰ መጋዘን የተረፈ ዝገት የነካው ቆርቆሮ ሰጣቸውና ጎረቤት ተሰብስቦ መታላቸው። ቀዳዳዎቹን በሬንጅ ደፈኑ። ባላቸው በከዘራ እየተደገፈ ገበያ ድረስ መምጣት ቻለ።

አጎቴ የሕክምናውን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል ከብዷቸው ቀበሌው በአጣና ተቀበላቸው። የመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር የተሠራው በእሳቸው አጣና ነው። ለተወሰነ ጊዜ ምግብ አብረን ብንበላም አያናግሩኝም ነበር፤ የሚፈልጉትን በባለቤታቸው በኩል ያስነግሩኛል። አንድ ቀን ግን አጥሩ ሲሠራ ቆመው አይተው መጡና እንጨቱን አናጢው አሳስቶ እንደተከለው፣ ሁለት ዓመት እንደማይቆይ ነገሩኝ። ሄጄ ለአናጢው እንድነግረው ነው። ሄጄ ነገርኩት፤ ነቅሎ ደግሞ ተከለው። ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ማውራት ጀመርን። ስለ ጉባኤው ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም፣ እኔም አላነሣሁም።

ድሬሰሩን በዓመቱ ወደ ክፍለ ሀገር አዛወሩት። ቅጣት ይሁን ሥራ አልተነገረንም። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ባለቤቱና ልጆቹ አብረውት ነበሩ፤ ሄዶ እዚያም ቁስል እንደማያጣ ቀልዶ ሳቀ። እኔ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ተቀጠርኩና የየወሩን ማጣራት ብቻዬን መያዝ ጀመርኩ። ወሬው ከአፍ ወደ ሰሌዳ ሲወጣ ሐሜቱ ቀነሰ። ማኅተም የሌለው ወረቀት እየጠፋ ሄደ፤ የተከለከለ ሰው ቀጥ ብሎ መጥቶ ስሜን አስገቢልኝ ይለኝ ጀመር።

ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሮ አዲስ ሰው ሲተካ በዚያ ወር ሰሌዳው ባዶውን ሰነበተ። አዲሱ ሊቀመንበር የመንግሥትን ስህተት በአደባባይ መለጠፍ ደስ አላለውም፤ ወረቀቱን ከእኔ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። እኔ ለመከራከር እየተዘጋጀሁ ሳለ የቀደመኝ ሰፈሩ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሰዎች ተሰብስበው አገኘኋቸው፤ ከመካከላቸው አንድ ስማቸውን የማላውቃቸው ሽማግሌ ወደ ውስጥ ገብተው የወሩ ስህተት የት አለ ብለው ጠየቁ። አዲሱ ሊቀመንበር ስህተት የለም ሊላቸው ሞከረ። እሳቸውም ስህተት ከሌለ የለም ተብሎ ይለጠፍ አሉና እዚያው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከትለው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ አየ፣ እኔም አየሁት። መሳቢያውን ከፈተ። ስፒሎቹን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት፤ ሰዎቹም ማንበብ የሚችለውን ወደፊት አስቀድመው ዙሪያዬን ቆሙ።